ትዳሩ የሁለት፣ ፊልሙ የአንድ፦ የአርቲስቶች ጋብቻ በሕይወት ታሪክ ፊልሞች ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ

ኤልቪስ ፕሪስሊና ፕሪሲላ የተጋቡት አንድ ጊዜ ነው፤ ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ ሜይ 1 ቀን 1967 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሲኒማ ግን በአንድ ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተድረዋል፤ በ2022 በባዝ ሉርማን «ኤልቪስ»፣ በ2023 ደግሞ በሶፊያ ኮፖላ «ፕሪሲላ»። ሁለቱን አከታትሎ ያየ ሰው ስለ አንድ ቤት የሚያወሩ አይመስለውም። በመጀመሪያው ፊልም ትዳሩ የአንድ ትልቅ ዘፋኝ መነሣትና መውደቅ ማጀቢያ ነው። በሁለተኛው ዘፋኙ ለሳምንታት ከቤት የሚጠፋ፣ ሲመለስ ደግሞ ሚስቱ ፀጉሯን ምን ቀለም እንደምትቀባና ምን ዓይነት ቀሚስ እንደማትለብስ የሚወስን ባል ነው።

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» ይባላል። እዚህ ባሕሩ አንድ ሆኖ የቀዱት እንስራዎች ተለያይተዋል። የልዩነቱን ምክንያት በዳይሬክተሮቹ ስሜት ብቻ ማስረዳት ይቻል ነበር፤ ግን ከስሜት በፊት ወረቀት አለ። ፊልሙ አንድን ትዳር ከየትኛው መስኮት እንደሚያየው በአብዛኛው የሚወሰነው ፈቃዱን ማን እንደሰጠ ሲታወቅ ነው።

ፈቃዱ ምን ምን ይይዛል? በአሜሪካ እንዲህ ነው የሚሠራው። እገሌ አገባ፣ ፈታ፣ ወለደ የሚለው በአደባባይ የሚታወቅ ጉዳይ የማንም ንብረት አይደለም፤ ማንም ሊተርከው ይችላል። የሞተ ሰው ስሙ ጠፍቷል ተብሎም በስም ማጥፋት ክስ አይመሠረትም። በሕይወት ያለ ሰው ግን ሊከስ ይችላል። ስለዚህ የፊልም ድርጅቶች ከባለታሪኩ ወይም ከቤተሰቡ ጋር ውል ይዋዋላሉ፤ ባለታሪኩ ገንዘብ ይቀበላል፣ ማስታወሻውንና ፎቶውን ያወጣል፣ እንደማይከስም ይፈርማል። ፊልሙ ከመጽሐፍ ከተወሰደ የመጽሐፉ መብት ለብቻው ይገዛል። ከዚያ በኋላ ጠበቆች ስክሪፕቱን መስመር በመስመር ያያሉ፤ እያንዳንዱ ንግግርና ድርጊት ከየት እንደመጣ በኅዳጉ ይጻፍበታል። ምንጭ ያልተገኘለት ነገር ወይ ይወጣል፣ ወይ ስም ተቀይሮለት ይገባል። ይህ ካልተደረገ ኢንሹራንስ የሚሸጥ የለም፤ ያለ ኢንሹራንስ ደግሞ ፊልሙን የሚያከፋፍለው አይገኝም።

ሙዚቃው የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ዘፈን ፊልም ውስጥ ለመግባት ሁለት ፈቃድ ይፈልጋል፤ አንዱ ከግጥምና ዜማው ባለመብት፣ ሌላው ከተቀዳው ድምፅ ባለመብት። ተዋናዩ ራሱ ካዜመው ሁለተኛው ይቀራል፣ የመጀመሪያው ግን አይቀርም። ስለ ዘፋኝ የሚሠራ ፊልም ዘፈኖቹን ካጣ ገበያው ይቀዘቅዛልና፣ የዘፈኖቹ ባለቤት የሆነው ወገን ስክሪፕቱን አስቀድሞ የማየት ጉልበት ያገኛል። ይህ ወገን ብዙውን ጊዜ ወራሹ ወይም የሟቹን ስም የሚያስተዳድረው ድርጅት ነው። ወራሽ ደግሞ ስለ አባቱ ጠብና ውሽምነት በዝርዝር እንዲወራ እምብዛም አይጓጓም።

ወደ ኤልቪስ እንመለስ። የኮፖላ ፊልም የተመሠረተው ፕሪሲላ በ1985 ባሳተመችው ማስታወሻ ላይ ነው፤ እሷም ከፊልሙ ዋና ፕሮዲውሰሮች አንዷ ናት። የኤልቪስን ስምና ሥራ የሚያስተዳድረው ድርጅት ግን ዘፈኖቹን አልፈቀደም። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ኤልቪስ የሚታወቅባቸው ዘፈኖች የማይሰሙበት የኤልቪስ ትዳር። ይህ ጉድለት ፊልሙን እንደጠቀመው የሚከራከሩ አሉ፣ እኛም እንስማማለን። መድረኩ ሲጠፋ ካሜራው ሌላ መሄጃ አጣና ሜምፊስ ባለው በኤልቪስ ቤት በግሬስላንድ ውስጥ ከሚስትየዋ ጋር ተቀመጠ፤ ስልክ ሲጠበቅ፣ ምንጣፍ ላይ በባዶ እግር ሲኬድ። ማናጀሩ ኮሎኔል ፓርከር በሉርማን ፊልም ተራኪ ሲሆን፣ እዚህ ፊቱ እንኳ አይታይም።

ዕድሜያቸውም አለ። ሁለቱ የተገናኙት በ1959 ጀርመን ውስጥ፣ እሱ ወታደር ሳለ ነው። እሱ 24፣ እሷ 14 ዓመቷ ነበር። የሉርማን ፊልም ይህን ቶሎ አልፎት ይሄዳል። ኮፖላ ግን የመጀመሪያውን ሩብ እዚያው ላይ ትቆያለች፣ እንዳይረሳም በዓይን የሚታይ ምልክት ትሰጠዋለች፤ ኤልቪስን የሚጫወተው ጃኮብ ኤሎርዲ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሰው ነው፣ ፕሪሲላን የምትጫወተው ኬይሊ ስፔኒ ደግሞ ደረቱ ላይ ትቀራለች። የቁመቱ ልዩነት ከማንኛውም ንግግር በላይ ይናገራል።

ከፈቃዱ ቀጥሎ ትዳሩን የሚቀርጸው ጊዜ ነው። በፊልም ሥራ አንድ የስክሪፕት ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው። ሁለት ሰዓት የሚሮጥ ፊልም 120 ገጽ አለው እንበል። አሥር ዘፈን በሁለት ሁለት ደቂቃ ተኩል ቢገባ 25 ገጽ ሄደ። ልጅነት 15፣ የመጀመሪያው ቀረጻና ዝና 20፣ ሱስና ውድቀት 20፣ መመለስ 15። የቀረው 25 ገጽ ነው፤ ከዚያም ላይ ጓደኛ፣ ማናጀርና ወላጅ ይካፈሉታል። ለአሥራ ሦስት ዓመት ትዳር የሚደርሰው ምናልባት ስድስት ወይም ሰባት ትዕይንት ነው። ስድስት ትዕይንት ደግሞ ሰው አይሠራም፣ ሚና ይሠራል። ለዚህ ነው በእነዚህ ፊልሞች የመጀመሪያ ሚስት ሁልጊዜ ወጥ ቤት ውስጥ የምትገኘው፤ ስልኩ ይጮኻል፣ ባል ከሆቴል ይደውላል፣ ከበስተጀርባው የሴት ሳቅ ይሰማል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል። አንድ ገጽ ተኩል ይበቃል።

የዚህ ዓይነተኛው ምሳሌ የ2005ቱ የጀምስ ማንጎልድ ፊልም «ዎክ ዘ ላይን» ነው፤ የአሜሪካዊው የካንትሪ ዘፋኝ የጆኒ ካሽና የጁን ካርተር ፍቅር። ፊልሙ እንደ ፊልም ግሩም ነው፣ ሪስ ዊዘርስፑንም በጁን ሚና ኦስካር ወስዳበታለች። ይሁንና ጁን ሁለተኛዋ ሚስት ናት። የመጀመሪያዋ ቪቪያን ሊበርቶ፣ የአራት ሴቶች ልጆቹ እናት፣ በፊልሙ ውስጥ ያላት ሥራ ባሏ እንዳይዘፍን መነዝነዝ ነው።

የእውነተኛዋ ቪቪያን ታሪክ የሚጀምረው በ1951 ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ፣ ስኬቲንግ አዳራሽ ውስጥ ነው። ካሽ በአየር ኃይል ሥልጠና ላይ ነበር። ለሦስት ሳምንት ያህል ተያዩና እሱ ወደ ጀርመን ላንድስበርግ ሄደ፤ ሦስት ዓመት እዚያው ቆየ። በነዚያ ዓመታት የጻፈላት ደብዳቤ በሺዎች በሚቆጠሩ ገጾች ይለካል። ኦገስት 1954 ተጋቡ። በ1965 ካሽ ኤል ፓሶ ውስጥ ሱስ የሚያስይዝ ክኒን ይዞ ተያዘ፤ ቪቪያን ከጎኑ ሆና ከፍርድ ቤት ስትወጣ የተነሣችው ፎቶ ጋዜጣ ላይ ወጣ። የጣልያን ዝርያ ያላት ሴት ናት፤ በፎቶው ላይ ጠቆር ብላ ስለታየች ነጭ ዘረኞች «ካሽ ጥቁር አግብቷል» ብለው ዘመቱ፤ ዛቻና የኮንሰርት ቦይኮት ተከተለ። ስለ አሜሪካ ደቡብ በዚያ ዘመን ከዚህ በላይ የሚናገር ትዕይንት ማግኘት ይከብዳል። ፊልሙ ውስጥ የለም።

ለምን የለም? አንደኛ፣ የስክሪፕቱ መሠረት የካሽ የራሱ ሁለት ግለ ታሪኮች ናቸው። ሁለተኛ፣ ከፊልሙ ዋና ፕሮዲውሰሮች አንዱ ጆን ካርተር ካሽ ነው፤ የጆኒና የጁን ልጅ። ማንም ሰው ስለ እናትና አባቱ ፍቅር ፊልም ሲያግዝ በአባት ብቻ ለሚገናኛቸው እህቶቹ እናት እኩል ገጽ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው፣ በዚህ ልንፈርድበት አንችልም። ሦስተኛው ምክንያት ግን የሙያ ነው። ፊልሙ የጁንና የጆኒን መገናኘት ዕጣ ፈንታ አድርጎ ለመሸጥ ከፈለገ፣ ተመልካቹ ለቪቪያን ማዘን የለበትም። የሰው ልብ ለሁለት ሴት ከተከፈለ መጨረሻው ላይ አያጨበጭብም። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ሚስት እንድታሰለች ተደርጋ ትጻፋለች።

ቪቪያን ፊልሙ ከመውጣቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ ሜይ 2005 አረፈች። ደብዳቤዎቹን የያዘው መጽሐፏ በ2007 ታተመ። እዚያ ውስጥ አንድ የሚያከራክር ነገር አለ፤ ፊልሙ «ሪንግ ኦቭ ፋየር» የተሰኘውን ዘፈን ጁን ስለ ጆኒ ስትጽፈው ያሳያል፣ በሕጋዊ ምዝገባም ደራሲዎቹ ጁን ካርተርና መርል ኪልጎር ናቸው። ቪቪያን ግን ዘፈኑን የጻፈው ካሽ ራሱ እንደሆነ ትናገራለች። ማን ልክ እንደሆነ መወሰን የኛ ፋንታ አይደለም። ነገር ግን የትዳር ፊልም አንዱን ወገን ሲይዝ፣ የሥራ ባለቤትነትንም አብሮ እንደሚያድል ልብ ይሏል።

ፊልሙ የሚያበቃበትን ቦታም እንይ። ፌብሩዋሪ 1968፣ ለንደን፣ ኦንታሪዮ፣ ካናዳ፤ ካሽ መድረክ ላይ ጁንን «አግቢኝ» ይላታል፣ እሺ ትላለች። ጥያቄው በእርግጥ ተከናውኗል፣ ማርች 1 ተጋብተዋል። ከዚያ በኋላ 35 ዓመት አብረው ኖረዋል፤ በነዚያ ዓመታት ክኒኑ ተመልሶ መጥቶ ካሽ በ1983 ቤቲ ፎርድ የሱስ ሕክምና ማዕከል ገብቷል። ፊልሙ ግን ፍቅር ሱሱን እንዳሸነፈው አድርጎ መብራቱን ያጠፋል። መቁረጫው ነጥብ ራሱ አስተያየት ነው፤ ያው ታሪክ 1965 ላይ ቢያበቃ ስለ ከሸፈ ትዳር፣ 1983 ላይ ቢያበቃ ስለ ረጅም ትግል ይሆን ነበር።

የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የሬይ ቻርልስን ሕይወት የሚተርከው «ሬይ» (2004) ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ቻርልስ ሁለት ጊዜ አግብቷል፤ ፊልሙ አንዷን፣ ዴላ ቢን ብቻ ያውቃል። ከአሥር ሴቶች 12 ልጆች ነበሩት፤ በፊልሙ ቆጥራችሁ ልትደርሱበት አትችሉም። መዝጊያው 1979 ነው፤ የጆርጂያ ግዛት «ጆርጂያ ኦን ማይ ማይንድ» የተሰኘውን ዘፈኑን መዝሙሯ ስታደርግ ሬይ፣ ዴላና ልጆቻቸው አብረው ይጨበጨብላቸዋል። በዚያን ጊዜ ከተፋቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

«አማዴዎስ» (1984) ላይ የተደረገው ግን የሁሉም ቁንጮ ነው። የሙዚቃ ደራሲው ሞዛርትና ሚስቱ ኮንስታንዘ ስድስት ልጅ ወልደው ሁለቱ አድገዋል፤ ፊልሙ የሚያሳየን አንዱን ነው። ይህ ቀላሉ ነው። ተራኪው፣ ሌላው የሙዚቃ ደራሲ ሳሊየሪ፣ ለአምላኩ የንጽሕና ስእለት ተስሎ ሴት ሳይነካ የኖረ ሰው ሆኖ ቀርቧል፤ የሞዛርት ስድ አነጋገርና የሴት ጫወታ የሚያንገበግበውም ለዚህ ነው። እውነተኛው አንቶኒዮ ሳሊየሪ የስምንት ልጆች አባት የሆነ ባለትዳር ነበር። አንድ ሙሉ ትዳር ተሰርዞ የቅናቱ መሠረት ተደርጓል። ኮንስታንዘም ቢሆን ባሏ ሲሞት የምታለቅስ የዋህ ሴት ብቻ አልነበረችም፤ ከ1791 በኋላ መታሰቢያ ኮንሰርት አዘጋጅታለች፣ የእጅ ጽሑፎቹን ለአሳታሚ ሸጣለች፣ ሁለተኛ ባሏ ኒሰን የጻፈውን የሞዛርት የሕይወት ታሪክ እሱ ሲሞትባት አስፈጽማ በ1828 አሳትማለች።

ሚስት ራሷ አርቲስት ስትሆን ችግሩ መልኩን ይቀይራል። «ፖሎክ» (2000) ሊ ክራስነርን እንደ ነዝናዛ አልሣላትም፤ ማርሻ ጌይ ሃርደን በዚህ ሚና ኦስካር አግኝታለች። ክራስነር ከሠዓሊው ከጃክሰን ፖሎክ ጋር በ1945 ስትጋባ የታወቀች ሠዓሊ ነበረች፤ ፊልሙም ይህን አይደብቅም። የሚጎድለው የቤቱ ሒሳብ ነው። ኒው ዮርክ አጠገብ ስፕሪንግስ በገዙት ቤት ግቢ ውስጥ ያለው ጎተራ የእሱ ስቱዲዮ ሆነ፤ እሷ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት መኝታ ክፍል ውስጥ ትሠራ ነበር። ሸራዋ ከግድግዳው ሊበልጥ አይችልም። ፖሎክ ኦገስት 11 ቀን 1956 ሰክሮ ሲነዳ መኪናው ተገልብጦ ሞተ፤ አብራው ከነበሩት ሁለት ሴቶች አንዷም ሞተች። ክራስነር ያን ጊዜ አውሮፓ ነበረች። ፊልሙ እዚያ ያበቃል። እሷ ግን ወደ ጎተራው ገባች፤ በ1957 ከአምስት ሜትር በላይ ስፋት ያለው «ወቅቶቹ» የተሰኘ ሥዕል ሠራች፣ እስከ 1984 ድረስም ኖረች። 28 ዓመት። በፊልሙ አቆጣጠር ዜሮ ደቂቃ።

«ቢግ አይስ» (2014) የተሻለ ዕድል ነበረው፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ማርጋሬት ኪን የምትሥላቸውን ዓይነ ትልልቅ ሕፃናት ባሏ ዋልተር የራሱ ሥራ አድርጎ ለዓመታት ሸጠ። በ1986 ሆኖሉሉ ውስጥ ዳኛው ሁለቱም እዚያው ችሎት ፊት እንዲሥሉ አዘዘ፤ እሷ በ53 ደቂቃ ጨረሰች፣ እሱ ትከሻዬን አሞኛል አለ። ለስክሪፕት ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ፊልሙ እንደ ድል የሚተወው የአራት ሚሊዮን ዶላር ካሳ ግን በ1990 በይግባኝ ተሽሯል፤ ስሟን አጥፍቷል የሚለው ውሳኔ ብቻ ጸንቷል።

አሁን ደግሞ ልጆች ፈቃድ ሰጥተው ጥሩ ስለወጣ አንድ ሥራ። የብራድሊ ኩፐር «ማኤስትሮ» (2023) የተሠራው በኦርኬስትራ መሪው በሌነርድ በርንስታይን ሦስት ልጆች ይሁንታ ነው፤ ሙዚቃውን ፈቅደዋል፣ ኮነቲከት ያለው የቤተሰቡ ቤት ውስጥ እንዲቀረጽም በር ከፍተዋል። ከላይ ባልነው መሠረት የተለሰለሰ ነገር እንጠብቃለን። ልጆቹ ግን የአባታቸውን ከወንዶች ጋር የነበረ ግንኙነት አልደበቁም፤ እናታቸው ፌሊሺያ ሞንቴአሌግሬ ስለዚሁ ጉዳይ የጻፈችለት ደብዳቤ አስቀድሞ በ2013 በታተመው የደብዳቤዎች ስብስብ ውስጥ ወጥቶ ነበር። በርዕሱ ባል ቢጠራም በክሬዲቱ የመጀመሪያው ስም ፌሊሺያን የተጫወተችው የኬሪ ማሊገን ነው።

የትልቁን ጠብ ትዕይንት አቀራረጽ ማጥናት ይገባል። ብዙ ጊዜ የባልና ሚስት ጠብ ፊት ለፊት እየተቆራረጠ ይቀረጻል፤ የእሱ ፊት፣ የእሷ ፊት፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል። ማን እንደተበደለ የሚነግረን በሩ ከተዘጋ በኋላ ካሜራው ከማን ጋር እንደቀረ ነው። ኩፐር ካሜራውን ራቅ አድርጎ አቆመውና አልቆረጠም፤ በመስኮቱ ውጪ የበዓል ሰልፍ ትልቅ የስኑፒ ፊኛ እየተንሳፈፈ ያልፋል፣ እነሱ ውስጥ ይዘላለፋሉ። ተመልካቹ እንደ ጎረቤት ሽማግሌ መሐል ላይ ይቀራል። ሆኖም ይህም ፊልም የጣለው አለ፤ ፌሊሺያ በጃንዋሪ 1970 ለታሰሩ የብላክ ፓንተር (የጥቁር አሜሪካውያን የፖለቲካ ድርጅት) አባላት የፍርድ ቤት መከላከያ ቤቷ ውስጥ ያዘጋጀችው የገንዘብ ማሰባሰቢያ አሜሪካን ሲያነጋግር ነበር። ቅናቷና ካንሰሯ ገብተው ፖለቲካዋ ቀረ።

እንዲህ ያለ ፊልም ስታዩ የፈቃዱን ዱካ መከተል ከባድ አይደለም። ክሬዲቱ ሲወጣ አትነሡ፤ «የተመሠረተው በ» የሚለው መስመር የማን መጽሐፍ እንደሆነ፣ ከፕሮዲውሰሮቹ መሐል የባለታሪኩ የቤተሰብ ስም ያለው ሰው መኖሩን እዩ። ከዚያ የጋብቻና የፍቺ ቀኖችን ፈልጋችሁ ፊልሙ ካቆመበት ዓመት ጋር አስተያዩ። ልጆቹን ቁጠሩ፤ የጠፋ ልጅ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የጠፋች ሴት አለች። ስም የሌላት ወይም በየትኛውም የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ የማትገኝ ውሽማ ካጋጠመቻችሁ ከሁለት ሦስት ሴቶች የተሰፋች መሆኗን ጠርጥሩ። መደመጥ የነበረበት ግን ያልተደመጠ ዘፈን ካለም ፈቃድ የነፈገው ማን እንደሆነ ጠይቁ።

ተቃራኒውም ይሠራል፤ ያልተጠበቀ ዘፈን ሲሰማ ማን ፈቀደው ማለት ነው። «ፕሪሲላ» የሚያልቀው ፕሪሲላ መኪናዋን እየነዳች ከግሬስላንድ በር ስትወጣ ነው፤ የሚሰማው የዶሊ ፓርተን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» ነው። ኤልቪስ ይህን ዘፈን ሊቀዳው ፈልጎ ነበር። ኮሎኔል ፓርከር የድርሰቱ መብት ግማሹ ካልተሰጠን አይሆንም አለ፤ ዶሊ እምቢ አለች፣ ቀረጻው ቀረ።